ቀለም አይቶ ሞተር መርሳት

ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ የሚገዛ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው። ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላም ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያለውን ማደስ አዋጭ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን አዲስ መለዋወጫም በዶላር ስለሚመጣ የአዳሹ ፊት ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ዞሯል።

130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከሌላ መኪና የተፈታ ካምቢዮ መግዛት ነውር የለበትም፤ ደህና ኦሪጅናል ከተገኘ ፎርጅድ ከሆነው አዲስ ይሻላል። ፍሬን ላይ ግን ቁጠባ አይሠራም፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ጭኖ የወረደ ሾፌር ያውቀዋል።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ሰነድ የሌለው ሞተር በርካሽ ያስገጠመ ሰው መኪናውን ይነዳ ይሆናል፤ ሊሸጠው ሲነሣ ግን ስም ዝውውሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ደላላው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የተቀየረውን ሞተር ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ያሳይ። ካላሳየ ገዥው የአንድ ሞተር ሂሳብ ቀንሶ ይነጋገር።