ያልመጣው ትውልድ

ስለ አሜሪካ የክራክ ዘመን ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ይደገማል፤ ዕፁ ገና በማህፀን ያሉትን ሳይቀር አበላሽቶ አንድ ሙሉ ትውልድ አጥፍቷል ይባላል። እናቲቱ አጨሰች፣ ልጁ አእምሮው ተነክቶ ተወለደ፣ አድጎ ወሮበላ ሆነ። ታሪኩ አጭር ነው፣ አንጀት ይበላል፣ ጥፋተኛዋም ወዲያው ትታወቃለች። እውነት ግን አይደለም።

ክራክ ከኮኬይን ዱቄት የተለየ ዕፅ አይደለም። ዱቄቱ ከቤኪንግ ሶዳና ከውሃ ጋር ተፈልቶ ሲደርቅ የሚገኝ ጠጠር ነው፤ በዚያ ዘመን የሀብታሞቹን ዱቄት መግዛት ያቃተው ሰው በ5 ወይም በ10 ዶላር ገዝቶ ያጨሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሐኪሙ አይራ ቻስኖፍ በእርግዝና ወቅት ኮኬይን ስለወሰዱ 23 ሴቶች ጥናት አሳተሙ። ሃያ ሦስት ብቻ! ቴሌቪዥኑ ግን ለዚህ ግድ አልነበረውም፤ ያለጊዜያቸው ተወልደው የሚንቀጠቀጡ ጨቅላዎችን እያሳየ የአገር መዓት አደረጋቸው። በ1989 የዋሽንግተን ፖስቱ አምደኛ ቻርልስ ክራውትሃመር ከነዚህ ሕፃናት ገና ሲፈጠር የበታች የሆነ መደብ እየተወለደ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

በዚያው ዓመት ዶክተር ሃላም ኸርት ፊላዴልፊያ ውስጥ ጥናት ጀመሩ። የአልበርት አንስታይን የሕክምና ማዕከል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ጉዳት እንደሚያገኙም አልተጠራጠሩም። እስከ 1992 ከተወለዱት መካከል 224 ሕፃናትን መዘገቡ። የግማሾቹ እናቶች ኮኬይን ወስደዋል፣ የግማሾቹ አልወሰዱም። ሁሉም የድሃ ልጆች፣ አብዛኞቹም ጥቁሮች ነበሩ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ የድሃን ልጅ ከባለጸጋ ልጅ ጋር ያስተያየ ሰው የድህነቱን ጉዳት ለዕፁ ሊሰጥ ይችላል፤ ኸርት ግን ድሃን ከድሃ ጋር አስተያዩ።

ልጆቹ 4 ዓመት ሲሞላቸው የአእምሮ ብቃት ፈተና ተሰጣቸው። ኮኬይን የነካቸው በአማካይ 79፣ ያልነካቸው 81.9 አመጡ። ልዩነቱ ከቁጥር የማይገባ ነው። የሚያስደነግጠው ሌላው ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ከአገሪቱ አማካይ በእጅጉ ያንሳሉ። ዕፁ ጨርሶ ያልደረሰበት ልጅ ምን ነካው?

አጥኚዎቹ መልሱን ከልጆቹ ከራሳቸው አገኙ። 7 ዓመት ሲሞላቸው ስላዩትና ስለሰሙት ተጠየቁ። ከመቶ 74ቱ የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል። 81ዱ ሰው ሲታሰር አይተዋል። 35ቱ ሰው በጥይት ሲመታ ተመልክተዋል፤ 19ኙ ደጅ ላይ የወደቀ ሬሳ አይተዋል። ልብ በሉ፣ ገና አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ናቸው። ክትትሉ ሃያ ዓመት አልፎ ቀጠለ፤ በ2013 ኸርት ከኮኬይኑ ይልቅ ድህነቱ እንደሚጎዳ በይፋ ተናገሩ።

ኮኬይን ለነፍሰ ጡር ምንም አይደለም ያለ የለም። ያለጊዜ መውለድን ያመጣል፣ የእንግዴ ልጅም ሊያላቅቅ ይችላል። ሲጋራና አልኮልም ጽንስ ይጎዳሉ፤ ሲጋራ ያጨሰችን ነፍሰ ጡር ግን በካቴና የወሰደ የለም።

ግድያውስ? የሚል ይኖራል። ዋሽንግተን ውስጥ በ1985 ከ150 ያልበለጠው የግድያ ቁጥር በ1991 ወደ 480 ደርሷል። ይህ ግን የዕፁ የመንገድ ዳር ገበያ ጣጣ ነው፤ የተካካደ ሻጭ ፍርድ ቤት አይሄድም፣ ሽጉጥ ይመዛል። ሕፃናቱ ያን ጊዜ ዳይፐር ላይ ነበሩ። ትንቢቱ እውነት ቢሆን ኖሮ መዓቱ መውረድ የነበረበት እነሱ ጎረምሳ ሲሆኑ ነው። በ1990 ከ2,200 በላይ ሰው የተገደለባት ኒው ዮርክ በ2007 የቆጠረችው ከ500 በታች ነው።

ተረቱ ግን እውነተኛ እስረኞች ነበሩት። ከ1989 ጀምሮ ቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ የሕክምና ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የነፍሰ ጡሮችን ሽንት እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ይሰጥ ነበር። 30 ሴቶች ታሰሩ፤ ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ጥቁሮች ናቸው። አንዳንዶቹ ወልደው ብዙም ሳይቆዩ በካቴና ተወሰዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለፈቃዳቸው የተደረገውን ይህን ምርመራ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ያለው በ2001 ነው።

የ1986ቱ የፌዴራል የዕፅ ሕግም ዕድሜ እንዲያገኝ ይኸው ተረት ረድቶታል። 5 ግራም ክራክ ሊሸጥ የያዘን ሰው 500 ግራም ዱቄት ከያዘው እኩል ቢያንስ 5 ዓመት ያስር ነበር። የፌዴራሉ የቅጣት ኮሚሽን በ1995 ሁለቱ እኩል ይሁኑ ቢልም ኮንግረሱ አልቀበልም አለ። ኮሚሽኑ በ2002 በጽንስ ላይ የክራክና የዱቄት ጉዳት አንድ ነው፣ ከአልኮሉም ያነሰ ነው ሲል ጻፈ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ያ የሚንቀጠቀጥ ጨቅላ በየቤቱ ስክሪን ባይገባ ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ሕግ ይህን ያህል መቆየቱ ያጠራጥራል። 24 ዓመት ቆየ። በ2010 የተሻሻለውም ወደ እኩል ሳይሆን ወደ 18 ለ1 ነው፤ ልዩነቱን ጨርሶ የሚያስቀረው ረቂቅ በ2021 የተወካዮች ምክር ቤቱን በ361 ድምፅ አልፎ ሴኔቱ ዘንድ ቀረ።