በሐኪም ቤት ውስጥ ስለሚነሣ ጠብና ስለ ጤና ሠራተኞች መንፈስ መዛል



የታመመ ወንድሙን ተሸክሞ በሌሊት ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው ልቡ የታወከ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ መታወኩ ወደ ስድብ፣ አልፎም ወደ ዱላ በተለወጠ ጊዜ የሚጎዳው የተመታችው ነርስ ብቻ ሳትሆን ከእርሱ በኋላ ተራውን የሚጠብቀው በሽተኛ ጭምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከመቶ የጤና ሠራተኞች ከ8 እስከ 38 የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው በአንዱ ወቅት ድብደባ ይደርስባቸዋል፤ ስድቡና ዛቻው ከዚህ ቍጥር ውጭ ነው። ነገሩም በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ የጤናና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን በሚመታ ሰው ላይ ቅጣቱ እንዲከብድ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ ማውጣት ግድ ሆኗል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ቍስል ነው። ይህም የመንፈስ መዛል ነው፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ በሽታ ሳይሆን በሥራ ላይ የሚደርስና መፍትሔ ያላገኘ የረጅም ጊዜ ጭንቀት የሚያመጣው ነው። ምልክቶቹም የጉልበት ማለቅ፣ የልብ ከሥራው መራቅና የሥራ ፍሬ ማነስ ናቸው።

ተረኛ በነበርኩበት አንድ ሌሊት የአንድ በሽተኛ ወንድም ኮሌታዬን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጋጨኝ። ጭረቱ በሦስት ቀን ዳነ፤ እኔ ግን ለብዙ ወራት የሰው ፊት ማየት ጠላሁ። በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ስለ ልጅዋ ትኵሳት ስትነግረኝ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ መለስኩላት። የልጁ አንገት መገተሩን ያስተዋለችውና ከማጅራት ገትር ያዳነችው አጠገቤ የነበረችው ነርስ ናት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አብዛኛው ጠብ የሚነሣው በተራ ምክንያት ነው። በድንገተኛ ክፍል የሚቀድመው አስቀድሞ የደረሰው ሳይሆን ሕይወቱ ለአደጋ የቀረበው ነው። እሪ ብሎ ከሚያለቅሰው ሕፃን ይልቅ ዝም ብሎ የተኛው ሊያሰጋ ይችላል። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱልን ወላጆችም ከልጆቻቸው ይሰሙታል።

ጥፋቱ ሁሉ የአስታማሚ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሦስት ሰዓት አንድ ቃል ሳይነገረው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቢቈጣ አልፈርድበትም። አንድ ሠራተኛ በየግማሽ ሰዓቱ ወጥቶ የመዘግየቱን ምክንያት ቢናገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞም ሁለት ሌሊት አከታትላ ያደረችን ነርስ «ታገሺ» ማለት ምክር ሳይሆን ቀልድ ነው፤ የሚያስፈልጋት ተተኪ ነው፤ ይህንም ማሟላት የእኛ የኃላፊዎች ግዴታ ነው።

የተበደለ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን ነገር ገልጦ ለሐኪም ቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ ያመልክት። መጻፍ የማይችል ጎረቤት ያላችሁ አንባቢዎች ማመልከቻውን ብትጽፉለት ለእርሱም ለእኛም ትረዱናላችሁ።