አባትህ ምን ይሠራል?

ባለፈው ወር በዚሁ ዓምድ ልጆች ማታ ማታ ከወላጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ስለሚያነቡት መጽሐፍ ጽፈን ነበር። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ የደረሰ ነገር ነው። ሲያዩት ትንሽ ቢመስልም እኛን ጥቂት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶናል።

የምናስተምረው በሐዲያ አገር፥ በባደዋቾ፥ በሾኔ ከተማ ነው። ሾኔ የመንገድ ከተማ ናት። ከሻሸመኔ ተነሥቶ በሐላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል። ስለዚህ የተማሪዎቻችን ወላጆች ገበሬዎች ብቻ አይደሉም፤ ሹፌር አለ፥ ረዳት አለ፥ ጎማ ጠጋኝ አለ፥ ባጃጅ ነጂ አለ፥ ሻይ ቤት ያላት አለች፥ ነርስ አለች፥ ፖሊስም አለ። ለእነዚህ ልጆች «ወላጆቼ የሚሠሩትና የሚኮሩበት ሥራ» የሚል የድርሰት አርእስት ሰጠናቸው፤ በማግሥቱም ተራ በተራ እየተነሡ አነበቡ። አንዱ ልጅ አባቱ በክረምት ጭቃ መካከል መኪናው ተይዞበት፥ የጫነውን ማዳበሪያ ትቶ ላለመሄድ ሁለት ሌሊት በመኪናው ውስጥ እንዳደረ ሲያነብ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ሌላዋ፥ እናቷ በሌሊት ያዋለደቻቸውን ሕፃናት ቍጥር በቃሏ ታውቅ ነበር።

ተራው ለአንዲት ጸጥተኛ ልጅ ሲደርስ ግን ተነሥታ ቆመች፤ ደብተሯን ዘግታ በደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችውና «አልጻፍኩም» አለች። አልተቈጣንም፤ ሥራዋን ሳትሠራ የምትመጣ ልጅ አለመሆኗን እናውቅ ነበርና። በዕረፍት ሰዓት ቀስ ብላ መጥታ ደብተሩን ሰጠችን። ሁለት ገጽ ሙሉ በጥሩ እጅ ተጽፎበታል። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። አፈሩ ከየት እንደሚቈፈር፥ እንዴት ተወቅጦ እንደሚነፋ፥ የአሮጌ ሸክላ ገል ተፈጭቶ ለምን እንደሚጨመርበት፥ ጭቃው በእጅ ብቻ ተድቦልቡሎ እንዴት ድስት እንደሚሆን፥ በጥላ ካልደረቀ በእሳት ላይ እንደሚሰነጠቅ፥ የአንድ ሳምንት ድካም በአንድ ዝናም እንደሚጠፋ፥ ሁሉንም ጽፋዋለች። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን «መምህር፥ እባክዎ ይህን በክፍል ውስጥ እንዳያነቡብኝ» የሚል ቃል ነበረበት።

ልጅቱ ለምን እንዳፈረች ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው አንባቢ ግን መንገር ይገባናል። በሐዲያና በከምባታ፥ በጉራጌም አገር፥ ሸክላ የሚሠሩ፥ ቆዳ የሚያለፉና ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች «ፉጋ» በሚል ስም ከሌላው ሕዝብ ተለይተው ኖረዋል። ስሙን የምንጽፈው ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ ስድብ ነውና። የእርሻ መሬት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፥ ከአንድ ገበታም አይቈርሱም ነበር። ድስቱን ገዝቶ ወደ ጓዳው የሚያስገባው ሰው፥ ድስቱን የሠራችውን ሴት ከደጁ ይመልሳት ነበር። አተካና የሚወድ ወገናችን ሁሉ ይህን ያስብበት፤ ቡላው በቅቤ ሲበስል የኖረው በማን እጅ በተሠራ ሸክላ ነው? ነገሩ የደቡቡ ክፍል ብቻ እንዳይመስል ደግሞ፥ በሰሜኑም ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ሲፈሩና ሲሸሹ ኖረዋል። እንዲያውም ዐፄ ቴዎድሮስን የሚያህል ንጉሥ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብሎ በእናቱ ሥራ እንደ ተሰደበ ይነገራል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ፥ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ብረት የሚሠራው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው እያንዳንዱ ምን እየተባለ እንደሚሰደብ ይዘረዝራል፤ መጻፍ የሚችል ሰው ሳይቀር ጠንቋይ ይባል እንደ ነበር እናገኝበታለን። እኛም ዳዊት ደግመን፥ ድቁና ተቀብለን፥ ከልጅነታችን ጀምሮ ብዕር የያዝን ስለ ሆንን ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱ ምክንያታቸውን ከሩቅ አላመጡም፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑን ነው ያስታወሱት። የሚያስደንቀው ደግሞ በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ምኒልክም መሪውን ራሳቸው ጨብጠው መንዳትን ተለማመዱ። እንግዲህ ከአገራችን የመጀመሪያ ነጂዎች አንዱ ዘውድ የጫነ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለሹፌሮቻችን ስንነግራቸው በጣም ደስ ይላቸዋል። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፥ መሬት ተከልክሎ የኖረው ባለሙያ ሁሉ እንደ ሌላው አርሶ እንዲበላ መብት ሰጠው። ሕጉ የሚችለውን አድርጓል። ያች ልጅ ግን ከምኒልክ አዋጅ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ደብተሯን ዘጋች።

ማን እንዳሳፈራት ለማወቅ ወዲያና ወዲህ ስናይ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለን፤ ብንደብቀው ዕረፍት አናገኝም። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የቤት ሥራውን የማይሠራ ልጅ ነበረን። አንድ ቀን በጓደኞቹ ፊት አቁመን «አንተ ካልተማርክ የጭነት መኪና ረዳት ሆነህ ትቀራለህ!» አልነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ የስንት ረዳት ልጅ ተቀምጦ እንደ ነበር ያን ጊዜ አላሰብንም። ራሳችን በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሆነን በየደጁ ስንለምን የወረደብንን ንቀት እያወቅን፥ መምህር ከሆንን በኋላ ለሌላው አቀበልነው።

ባለፈው ዓመት ከሐላባ ወደ ሾኔ ለመመለስ መኪና አጥተን በመንገድ ዳር ቆመን ሳለ፥ በርበሬ የጫነ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ። ነጂው ወርዶ እጃችንን ሊስም ሲያጎነብስ ያ ልጅ መሆኑን ዐወቅነው። «መምህር፥ ይግቡ» አለን፤ ከመነሣቱ በፊት ግን አንድ ብረት አውጥቶ መኪናውን እየዞረ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታቸው። ምን እንደሚያደርግ ጠየቅነው። «ድምፁን እየሰማሁ ነው፤ ከኋላ ጎማው ጥንድ ስለ ሆነ፥ የውስጠኛው ሲተነፍስ በዐይን አይታይም፤ ሲመቱት ግን ይናገራል» አለ። ሞተሩን ካስነሣም በኋላ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ኋላ ያለው ሹፌር በጥሩምባ ቢያስቸኩለው ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። ወደ ብላቴ ወንዝ ስንወርድ ማርሹን ቀነሰ፤ «ዳገቱን በምወጣበት ማርሽ ቍልቍለቱን እወርዳለሁ፤ ያስተማረኝ በኤን ትሬ ዘመን ያረጀ ሹፌር ነው» አለን። እኛ ቅኔ ስንማር የኔታ አንዲት ፊደል እንዳናጎድል እንዴት ይጠብቁን እንደ ነበር ታወሰን፤ ይህም ሰው ትምህርቱን የተማረው እንደዚያው ነው።

ስለ ኩራቱ ሳንጠይቀው ራሱ ነገረን። አንድ ሌሊት ሰዎች መጥተው፥ በሸራ ሥር ወጣቶችን ሸፍኖ ወደ ሞያሌ እንዲያደርስላቸው፥ በስድስት ወር የማያገኘውን ገንዘብ ሊሰጡት ቃል ገቡለት። «ዕቃ ነው የምጭነው፤ ሰው የምጭን ከሆነ በወንበር አስቀምጬ ነው» ብሎ መለሳቸው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለጥቂት ወራት ጭነት የሚሰጠው እንዳጣም ነገረን።

ይህን ቃል በቀላሉ አናልፈውም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ ቴቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ በተዘጋው ኮንቴነር ውስጥ አየር አጥተው የሞቱ 64 ኢትዮጵያውያን ተገኙ። በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። ያንን መኪና የነዳም ሰው አለ። ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ልጆች መንገዳቸው በኬንያ፥ በታንዛንያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለ ወሬ በሬዲዮ በተነገረ ቍጥር በሾኔ ብዙ እናት የያዘችውን ሥራ ትታ ትቆማለች። ልጆቹን የሚያስወጣቸው ዋናው ነገር የመሬት ጥበትና የገንዘብ ማጣት መሆኑን እናውቃለን፤ የሚልኩት ገንዘብ ስንት ቤት እንዳሠራ፥ ስንት ታናሽ ወንድም እንዳስተማረም በዐይናችን አይተናል። ነገር ግን አንድ ልጅ በሾኔ ገበያ ጨርቅ በትከሻው አንግቶ ቢዞር «ሱቅ በደረቴ» ተብሎ ይሣቅበታል፤ በደቡብ አፍሪካ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በዱቤ ሲሸጥ ግን «ነጋዴ ሆነ» እንላለን። ሸክሙም ያው፥ ትከሻውም ያው ነው። እዚህ አሳፍረን እዚያ የምናከብረው ለምን እንደ ሆነ መልስ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን በደስታ እናነባለን።

ከወላጆች መካከል አንዱ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ልጁ በድርሰቱ «አባቴ መኪና ያስቆማል» ብቻ ብሎ ስለ ጻፈ፥ ቀሪውን ከራሱ ልንሰማ በገበያ ቀን ከቆመበት ሄድን። በአንድ በኩል ባጃጅ፥ በሌላው በኩል የአህያ ጋሪ፥ በመካከል ከሶዶ የሚመጣ ተሳቢ፤ ከሁሉም ጋር በእጁና በፊሽካው ይነጋገራል። ፋታ ሲያገኝ አጫወተን። ሕዝቡ ስለ ትራፊክ ፖሊስ ምን እንደሚል ያውቃል፤ «ሰው መንጃ ፈቃዱን ሲሰጠኝ በውስጡ ብር አጥፎ ሲያስቀምጥ፥ ሳልናገር የተሰደብኩ ያህል ነው» አለን። ዮሐንስ መጥምቅ ምን እናድርግ ብለው ለጠየቁት ወታደሮች ማንንም እንዳይቀሙና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ ሥራችሁን ተዉ እንዳላላቸው ብናስታውሰው፥ «ደመወዙ ይበቃል የሚለው እንኳ ትንሽ ይከብዳል» ብሎ ሣቀ።

የሚኮራበትን ስንጠይቀው ግን ሣቁን ተወ። «አደጋ ደርሶ ሰው ሲሞት በስልክ መርዶ አላረዳም። ቤቱን ጠይቄ፥ ሽማግሌ ይዤ፥ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ልጃቸው በምን ሁኔታ እንደ ወደቀ ያየሁት እኔ ስለ ሆንኩ፥ የሚጠይቁት ሰው ሊኖራቸው ይገባል» አለን። ልጁ ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅነው፤ ነግሮት እንደማያውቅ ነገረን። አባቶች በቤታችሁ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፥ ልጆቻችሁ ስለ ሥራችሁ ምን ያውቃሉ? ደመወዛችሁንና ድካማችሁን ያውቁ ይሆናል፤ ሌላውንስ? እኛ ራሳችን ለልጆቻችን የነገርናቸው ስለ ጠመኔ ዐቧራና ስለሚታረም ደብተር ብዛት ብቻ መሆኑን ዘግይተን አስተዋልን።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ቃላችንን ጠብቀን ድርሰቷን በክፍል አላነበብነውም፤ ይህንንም የጻፍነው እርስዋንና እናቷን አስፈቅደን ነው። ያን ሳምንት በገበያ ቀን ወደ ሸክላ ተራ ወረድን። ልጅቱ ከእናቷ ጎን በጭድ ላይ ከተደረደሩት ጀበናዎችና ድስቶች ኋላ ተቀምጣለች። ሲያየን ፊቷ ተለወጠ። እኛም ሰላምታ ሰጥተን፥ ለቤታችን ድስት እንደምንፈልግ ተናግረን፥ ዋጋ ጠየቅን። እናቲቱ ነገሩን። እንደ ልማዳችን «ጥቂት ቀንሺልን» አልን፤ እናቲቱም የልጇ መምህር መሆናችንን ስላወቀች አፍራ፥ የፈለግነውን እንድንሰጣት ልትነግረን አፏን ከፈተች።

ልጅቱ ቀደመቻት። ድስቱን አነሣች፤ በግራ መዳፏ ላይ አስቀምጣ በቀኝ ጣቷ ዐጥንት ሁለት ጊዜ መታችው። እንደ ደወል ጮኸ።

«ሰምተዋል? ስንጥቅ የለበትም» አለች። «ከዚህ አይቀንስም፥ መምህር።»

የተባለውን ከፈልን። ድስቱን ታቅፈን ስንነሣ ከኋላችን ድጋሚ ጠራችንና፥ በክፍል ውስጥ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ፥ ሳናሟሽ እሳት ላይ እንዳንጥደው አስጠነቀቀችን።