ከሽያጭ ውል ወደ ጋራ ገበያ፦ የኢትዮ–ኬንያ የኤሌክትሪክ መስመር ያልተነካ ጥቅም

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በ500 ኪሎ ቮልት እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የኃይል ሽያጩ ሲጀመር ግን ውሉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት ነበር። ይህም የመስመሩ አንድ ዐሥረኛ፣ ቀጥሎም አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ስለዚህ መስመር ሲወሳ ዘወትር የሚነሣው የውጭ ምንዛሪ ገቢው ነው። በእኔ እምነት ግን ትልቁ የኢኮኖሚ ጥቅም ያለው በቀሪው አቅም ላይ ሊመሠረት በሚችለው ገበያ ነው።

ኢትዮጵያ ኃይሏን የምታመነጨው በአመዛኙ ከውኃ ነው። ኬንያ ደግሞ ከኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎትና ከነፋስ ከፍተኛ ድርሻ ታገኛለች። የሁለቱ አገሮች የሰዓት ቀጠና አንድ በመሆኑ ከፍተኛው ፍላጎት በሁለቱም ዘንድ ምሽት ላይ ይገጥማል፤ ስለሆነም ጥቅሙ የሚመነጨው ከሰዓት ልዩነት ሳይሆን ከምንጮቹ ባሕርይ ልዩነት ነው። እንፋሎትና ነፋስ እኩለ ሌሊት ላይ ፈላጊ ቢያጡ ይባክናሉ፤ ውኃ ግን በግድብ ይጠራቀማል። ኬንያ ሌሊት የተረፋትን ኃይል በርካሽ ብትሸጥልን፣ እኛ በዚያ ሰዓት የተርባይኖቻችንን ሥራ ቀንሰን ውኃውን ማቆየትና ምሽት ላይ መልሰን መሸጥ እንችላለን። ኬንያም ለምሽቱ ፍላጎት ውድ ነዳጅ ከማቃጠል ትድናለች። በክረምት ግድቦቻችን ሲሞሉ ኃይሉ ወደ ደቡብ፣ በድርቅ ዓመት ደግሞ ወደ እኛ ሊፈስ ይችላል።

ይህን የመሰለ ልውውጥ መጠኑ አስቀድሞ በተወሰነ የረጅም ጊዜ ውል ብቻ አይከናወንም። ለእያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ የሚወጣበት፣ ግዥና ሽያጩም በዋዜማው የሚታወቅበት ገበያ ያስፈልጋል። የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች የጋራ የኃይል ቋታቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 አቋቁመው፣ እንዲህ ያለውን ገበያ በ2009 ጀምረዋል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ከተመሠረተ ከ2005 ወዲህ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ የቀጣናው ንግድ አሁንም በአመዛኙ በሁለትዮሽ ውሎች ላይ የቆመ ነው።

«ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው መብራት ሳያገኝ ኃይል ወደ ውጭ መሸጥ ተገቢ ነውን?» የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም የማከፋፈያ መስመር ያልደረሰበት መንደር በጨለማ የሚኖረው ኃይሉ ስለተሸጠ አይደለም፤ ሽያጩ ቢቆምም መብራት አያገኝም። ጥያቄው መልስ የሚያገኘው የሽያጩ ገቢ በግልጽ ሕግ ለገጠር ማከፋፈያ ግንባታ ሲመደብ ነው። ይህ ካልሆነ ተቃውሞው ትክክል ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊቀድሙ ይገባል፤ በመስመሩ ላይ በየሰዓቱ የሚተላለፈው ኃይል መጠን ለሕዝብ ይፋ መሆን፣ ሌሎች አገሮች በመስመሩ ለመጠቀም የሚከፍሉት ታሪፍ መወሰን፣ የገቢው አመዳደብም በሕግ መደንገግ ናቸው። የመጀመሪያው ከተሟላ፣ እዚህ በግምት ያቀረብኩትን ትርፍ በቁጥር መለካት የእኛ የተመራማሪዎቹ ድርሻ ይሆናል።