የሳቅ ዕዳ



ቀልድ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሥራ ፈት ነገር አድርገን እንቈጥረዋለን። ሆኖም የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ኮሜዲ እንደ ነበረ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ደራሲውም የሩቅ ሰው አይደሉም፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰያ ደብር የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

በጅሮንድ በሩስያ አያሌ ዓመታት ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ»ን ጽፈው በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ የሚነገረው ግን ስለ ሰዎች ብልሹ አስተዳደር ነበር። የቀልድ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ፊት ለፊት ቢናገሩት ጠብ የሚያስነሣውን እውነት፣ የሚነካው ሰው እንኳ እየሳቀ ይሰማዋል፤ ሳቁ ሲያበቃ ግን ራሱን ያያል።

ራሱን ያየ ሁሉ ደግሞ አይወድም። ተውኔቱ ታገደ፤ ቴአትርም ለዓመታት ቆመ። በጅሮንድ ከዚያ በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ሌላ የሚታወቅ ተውኔት ግን አልጻፉም። በዚያ አንድ ክልከላ ስንት ተውኔት እንደ ቀረብን ማን ይቈጥረዋል?

«ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። አንድ የማውቀው ተማሪ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ስለ ምግብ ቤት ወጥ ቀልድ አነበበ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁም እኔ ነበርሁ። በማግሥቱ ቢሮ ሲጠራ ግን አብሮት ለመሄድ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ ብርድ ደጅ ላይ ብቻውን ቆሞ አገኘሁትና «ምነው ዛሬ አታሥቀንም?» አልሁት። ለካ የአባቱን መርዶ ሰምቶ ኖሯል! ሌላው ሲያዝን «አይዞህ» ይባላል፤ ቀልደኛ ሲያዝን ግን ሥራውን እንደ ተወ ሰው ይቈጠራል።

ቀልድ የተባለ ሁሉ ይደገፍ ማለቴ አይደለም። በድሀ ልብስ፣ በአካል ጉድለት፣ በሰው አነጋገር ላይ የሚሳለቅ ቀልድ ድፍረት የለውም፤ መልስ የማይሰጠውን መርጦ መምታት ነውና። እኔ የምከራከረው ኃይል ላለው ሰው እውነት ስለሚናገረው ቀልድ ነው።

ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ባነበበው ጽሑፍ ምክንያት የሚጠራ ተማሪ ቢኖር፣ ሁለት የኅብረቱ አባሎች አብረውት ይሂዱ። መምህራኖቻችንም ከመቈጣታቸው በፊት የተባለው እውነት መሆን አለመሆኑን ይመርምሩ።

ሳቁን አብረን ስቀናል፤ ዕዳውን ለአንድ ሰው ትተን አንሂድ።