የ15 ቀን ዋስትና

ባለፈው ዕረፍት ወደ መሸንቲ የሄደ አንድ ጓደኛችን እንዳጫወተን፣ እናቱ ከባሕር ዳር የገዙት የሶላር መብራት በሁለተኛው ወር ባትሪው ሞተ። ወደ ሱቁ ቢመልሱት ባለሱቁ «እናቴ፣ ከእጄ ሲወጣ በርቶ አላዩም?» አላቸው። በርቶ አይተዋል፤ ሰውየው ሐሰት አልተናገረም። ደረሰኝ ግን አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ደንግጓል። ለአንድ መብራት ሲባል ግን ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማነው? በ2006 ዓ.ም. የታወጀው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813 መንገዱን አሳጠረው፤ ይኸውም የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ከሌለ ሸማቹ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ለመጠየቅ እንዲችል አደረገ።

መልካም ነው። ዳሩ ግን 15 ቀን ምናልባት ለጫማ ይበቃ ይሆናል (ለጫማም እንጃ)፤ የባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና የስልክ ጉድለት ግን የሚታወቀው ዕቃው ውሎ አድሮ ሲሠራበት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሻጭን ኀላፊነት ቢያንስ 2 ዓመት አድርጎታል።

«ዋጋ ይወደዳል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። በጥቂቱም ቢሆን እውነት አላቸው። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ፤ የሚከፍሉት ሁለተኛ መብራት የሚገዙት እናት ናቸው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከመርካቶ በካርቶን ዕቃ የሚያስመጣውን የመሸንቲ ትንሽ ባለሱቅ «ለዓመት ዋስ ሁን» ብንለው ዕቃውን መሸጥ ይተዋል፤ ያን ጊዜ የገጠሩ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ባሕር ዳር ድረስ መሄዱ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ዋስትና 1 ዓመት ሆኖ፣ ባለሱቁ የተበላሸውን ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ፣ ኪሣራው ግን በአስመጪው ላይ እንዲወድቅ በሕግ ቢወሰን እንላለን። ዕቃውን ከውጭ መርጦ ያስገባው እርሱ ነውና።

እስከዚያው የሕግ ተማሪዎች በገበያ ቀን ወደ መሸንቲ ወርደው ስለ ደረሰኝና ስለ 15 ቀኑ እንዲያስረዱ አሳብ አቅርበናል። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሓፊ ስጡ። በአስመጪው ነገር የማይስማሙ መምህራን ቢኖሩ በሚቀጥለው ቁጥር ቦታ አለን።