የተማሪ መዝገብ አደራ ነው

በትምህርት ቤታችን መዝገብ ቤት የእያንዳንዳችን ፋይል ይገኛል። በውስጡም ማርካችን ብቻ ሳይሆን የወላጆቻችን ስምና ስልክ፥ የቤታችን አድራሻ፥ የተቀጣንበት ጥፋት፥ አንዳንድ ጊዜም ያለብን ሕመም ተጽፎ ይኖራል። ይህን ሁሉ የሰጠነው ለመማር ነው። እንግዲህ ፖሊስ መጥቶ «የዚህን ተማሪ ፋይል አምጡ» ቢል ምን ይደረግ? በዚህ ጥያቄ ላይ አሳቤን በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

አንዳንድ ሰዎች «ጥፋት የሌለበትን ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። ነገር ግን ፋይሉ የሚናገረው ስለ ጥፋተኛ ብቻ አይደለም፤ እናት የምትኖርበትንም ቤት ያሳያል። ደግሞም ተማሪ የነገረው ሁሉ ያለ ሥርዓት እንደሚወጣ ካወቀ፥ ችግሩን ለመምህሩ ከመንገር ዝም ማለትን ይመርጣል።

ሕጋችንም ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ሲደነግግ፥ መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠርና በዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ መሆኑን ያስታውቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ብዙ የኢትዮጵያውያን ልጆች በሚማሩባት በአሜሪካ ደግሞ፥ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት ትምህርት ቤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መዝገብ ሲሰጥ፥ እንዳይነገር ካልታዘዘ በቀር፥ አስቀድሞ ለወላጅ ለማስታወቅ መጣር አለበት፤ ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው መብቱ ወደ እርሱ ያልፋል። ለሕይወት የሚያሰጋ አጣዳፊ ነገር ሲደርስ ግን ትእዛዝ ሳይጠበቅ መስጠት ይቻላል።

ይህ ሚዛን ለእኛም የሚጠቅም ይመስለኛል። ልጅ ጠፍቶ ሲፈለግ «ወረቀት ይምጣ» የሚል የለም። ከዚያ ውጭ ግን ትእዛዙ በጽሑፍ ይምጣ፤ የታዘዘው ብቻ እንጂ ፋይሉ በሙሉ አይውጣ፤ ማን፥ መቼ፥ ምን እንደ ወሰደ ይመዝገብ፤ ፍርድ ቤት ካልከለከለም ወላጅ ይወቅ።

ይህን የምለው ፖሊስን ለመቃወም አይደለም፤ ወንጀልን መከላከል የሁላችን ጥቅም ነው። ነገር ግን የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የደንብ ልብስ በለበሰ ሰው ፊት ብቻውን ቆሞ «አይሆንም» ማለት ይቸግረዋል። የተጻፈ ደንብ ካለ ግን ደንቡን ያሳያል እንጂ አይከራከርም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ትልቁም ትንሹም ባለበት ይቆም ነበር። የትምህርት ቤታችን አስተዳደርም ከወላጆች ጋር መክሮ እንዲህ ያለውን ደንብ ከሚመጣው ዓመት ምዝገባ በፊት ቢያወጣ መልካም ነው። እኛ 12ኛ ክፍልን ጨርሰን ብንሄድም ፋይላችን እዚሁ ይቀራልና።